ጠቅ ጠቅ የሚል ሃርድ ዲስክ ፎርማት አይደረግም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር አባቴ በ2004 ዓ.ም. የገዛው ዴስክቶፕ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት፣ ዊንዶውሱ 7። ካለፈው ወር ጀምሮ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዳንድ ፎልደር ስከፍት ስታክ ያደርግና ከሲፒዩው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ገና ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ‹ስማርት ስታተስ ባድ፣ ባክአፕ ኤንድ ሪፕሌስ› የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ኤፍ 1 ስጫን አለፈ። የሰፈራችን ጠጋኝ ‹ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርጌ ዛሬውኑ እመልስልሃለሁ› አለኝ። የአክስቴ ልጅ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ የተነሣ ሃርድ ዲስክ አይቻለሁ ይላል። ትናንት ማታ እኔው ቼክ ዲስክ አስጀምሬ 12 ፐርሰንት ላይ ቆሞ አደረ፤ ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ። ውስጡ የእናትና አባቴ የሠርግ ቪዲዮ፣ የ10 ዓመት ፎቶና የአባቴ የወፍጮ ቤት ሒሳብ አለ። እናቴ በሕይወት የለችም። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ የለንም። ይድናል? ምን ምርመራ ልሥራ?»

ኮምፒውተሩን ያጥፉት፤ ገመዱንም ከሶኬቱ ይንቀሉት። ይህን የሚያነቡት በእሱ ከሆነ ወደ ስልክዎ ይሻገሩ።

ሃርድ ዲስኩ አይድንም። ውስጡ ያለው ግን፣ በነገሩኝ ምልክት ስፈርድ፣ አብዛኛው ሊወጣ የሚችል ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይተው ይያዙልኝ። እጄ ላይ ደርሰው ምንም ያላወጣሁላቸውን ሰዎች ሳስታውስ፣ ብዙዎቹ ዕቃውን ለማዳን ሲሉ ፋይሉን ያጡ ናቸው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የቆመው በአንድ ቅደም ተከተል ላይ ነው፦ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይመረመራል። ምርመራ ማለት ማንበብ ነው። ጤነኛ ዲስክ ሺህ ጊዜ ቢነበብ ምንም አይሆንም፤ የእርስዎ ግን ስንት ንባብ እንደቀረው ማንም ሊነግርዎ አይችልም። የቀረው ንባብ ለእናትዎ ቪዲዮ ይዋል።

ጠጋኙ ካለዎት ልጀምር። ቫይረስ ኮምፒውተር ያዘገያል፤ ይህ እውነት ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው በፍላሽ የሚዛመተው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ነው። እሱ የደበቀው ፋይል ባለበት አለ፣ ይመለሳል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ግን ከቫይረስ አይመጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያዩት ጽሑፍ የወጣው ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ ነው። የጻፈው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሣው ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ባዮሱ የጠየቀው ሃርድ ዲስኩን ራሱን ነው፤ ዲስኩም ስለ ራሱ «ኮፒ ውሰዱና ቀይሩኝ» ብሎ መልሷል። በዚያ ሰዓት ዊንዶውሱም፣ በዊንዶውሱ ላይ ያለ ቫይረስም ገና አልተነሡም። ኤፍ 1 መጫን ማስጠንቀቂያውን ያሳልፈዋል እንጂ የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ጠጋኙ ሊያታልልዎ ፈልጓል ብዬ አላምንም። እንዲህ ያለ ዲስክ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ደህና ይመስላል፤ እሱም ያንን ደጋግሞ አይቶ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ያንን ቦታ ይተውና ለመጠባበቂያ ካስቀመጠው ቦታ አንዱን ይተካል። ስለዚህ መጎተቱ ይቀንሳል። የታመመው ሳህን ግን ያው ነው፣ መጠባበቂያውም ያልቃል። ለእርስዎ የሚከፋው ሌላው ጎኑ ነው። ኩዊክ የሚባለው ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ በአዲስ ይተካል፤ ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሠርጉን ቪዲዮ የሚያወጣልዎ ባለሙያ በየትኛውም አገር አያገኙም። በኩዊኩም ቢሆን፣ በላዩ አዲስ ዊንዶውስ የተጻፈበት ቦታ አይመለስም።

ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ የቀረውን ውሳኔ ያቀልልዎታል። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የጠሩ ክብ ሳህኖች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ዙር ይሽከረከራሉ። የሳህኑ ጠርዝ ፍጥነት ሲሰላ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰፈርዎ ተነሥቶ ወደ አዳማ በሚዘልቀው ፈጣን መንገድ ላይ የሚከንፍ መኪና ያህል። የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ከዚህ ሳህን በላይ በስስ አየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ከዚያ ብዙ ሺህ ጊዜ ይወፍራል። ራሱ ሳህኑን ከነካ ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ብናኝ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ይፍቃል። በእርጅናም፣ በመንገጫገጭም፣ በፋብሪካ ጉድለትም ይጀምራል፤ ከጀመረ በኋላ በራሱ አይቆምም።

ኮምፒውተሩ ስታክ የሚያደርገው ዲስኩ አንዲትን ትንሽ ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ ስለሚሞክር ነው፤ ዊንዶውሱም መልሱን እየጠበቀ ይቆማል። ጠቅ የሚለው ድምፅ አንባቢው ራስ መስመሩን ስቶ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደ አዲስ ሲፈልግ የሚሰማ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ ዲስኩ አንዳንድ ቦታ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። ገና ሲበራ ጀምሮ ሳያቋርጥ፣ በእኩል ምት ጠቅ ጠቅ ካለና ባዮሱ ጭራሽ ዲስኩን ካላየው ግን አንባቢው ራስ ተሰብሯል ወይም ሊሰበር ነው። የእርስዎ አሁን የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ወደ ሁለተኛው ከመሻገሩ በፊት ያለዎት ጊዜ ነው ዋጋ ያለው።

የቦታ ከፍታ ዲስክ ይጎዳል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ አንባቢው ራስ ወደ ሳህኑ ይጠጋል ይላሉ። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮቻቸው ወደ 3,000 ሜትር ግድም ወሰን የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው። እንደ እንጦጦ ያለ ተራራ አናት ላይ ካልሆነ በቀር አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከዚያ በታች ናቸው፤ የእርስዎን ዲስክ ከፍታ አልጎዳውም። መብራት መሄዱም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አንባቢውን ራስ ሳህኑ ላይ አይጥለውም፤ ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ በሳህኖቹ ሽክርክሪት የሚመነጨውን ኃይል ተጠቅሞ አንባቢውን ራስ ወደ ማረፊያው ይሰበስበዋል። መብራት መሄዱ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ ሲሄድ የፋይል ማውጫው ይበላሻል። ሲመለስ ደግሞ የሚመጣው የተዛባ ቮልቴጅ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ያደክማል።

ስማርት ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው፤ ምን ያህል እንደሚታመን ልንገርዎ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት አለ። በፍተሻ ላይ የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ካላሳየው 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ መዝገቡ «ታምሜያለሁ» ሲል ይመኑት። ግን ያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሆኑት በዋና ዋናዎቹ 4 ምልክቶች ላይ አንድም ቁጥር ሳያሳዩ እንደሞቱ አስነብቧል። መዝገቡ «ጤነኛ ነኝ» ሲል እምነትዎን አይጣሉበት። ጎረቤትዎ ይህን መዝገብ በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ላይ ሰማያዊ «ጉድ» አይቶ ኮፒ ሳይዝ ቢቀመጥ ይህን ይንገሩት።

ሁሉም ጠቅታ ግን የዲስክ ሞት አይደለም፤ በስህተት የተፈረደባቸው ዲስኮችም ብዙ አይቻለሁ። ሃርድ ዲስክ ሞተሩን የሚያዞርበት 12 ቮልት ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክብ ዕቃዎች) ሲያረጁ 12 ቮልቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ዲስኩ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሣል፣ ከውጭ ለሚያዳምጠው ሰው ልክ እንደሚሞት ዲስክ ይጮሃል። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጡ ካፓሲተሮች ካዩ ፓወር ሰፕላዩንም ይጠርጥሩት፤ የሁለቱም ዕድሜ አንድ ነው። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብልም ይላላል፤ በተለይ አቧራ በሚበዛበት እንደ እናንተ ሰፈር ሲፒዩው ተከፍቶ በተጠረገ ቁጥር ይነቃነቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሳንቲም የሚመስለው የሲሞስ ባትሪ። እሱ ሲያልቅ ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባዮሱም የዲስኩን አነባበብ የሚወስነውን ምርጫ ይረሳል። ያኔ ዊንዶውስ 7 ገና ሊነሣ ሲል ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፤ ባለቤቱም ዲስኩ ሞተ ይላል። ከሰበታ የመጣ አንድ መምህር ዲስኩን በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጎ፣ የ3 ዓመት የፈተና ጥያቄዎቹን ካጣ በኋላ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ዲስኩ ምንም አልነበረበትም። ባትሪውን ቀየርኩለት፣ ምርጫውን መለስኩለት፤ ጥያቄዎቹን ግን መመለስ አልቻልኩም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ይህን ያህል የማስረዝመውም ለዚህ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ከእነዚህ የተለየ መሆኑን ያረጋገጠልኝ ያ ጥቁር ስክሪን ላይ ያያችሁት ጽሑፍ ነው። ኬብልም ሲሞስ ባትሪም ያንን ጽሑፍ አያስወጡም። ያም ሆኖ ከ10 ዓመት በላይ የሠራውን ፓወር ሰፕላይ አምነን ዲስኩን እሱ ላይ መገልበጥ የለብንም። ስለዚህ ዲስኩ ከአሮጌው ኮምፒውተር ይወጣል። በአንድ እርምጃ ፓወር ሰፕላዩን፣ ኬብሉንና ማዘርቦርዱን ከነገሩ ያስወጡታል።

ማውጣቱ ከባድ አይደለም። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ የሲፒዩውን የጎን ክዳን ይክፈቱ፤ ባዶ ብረት ነክተው እጅዎ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያሳርፉ። ዲስኩን ግራና ቀኝ የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ፤ ሁለቱን ኬብሎች ሳይወዘውዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። የዲስኩን የራሱን ክዳን የያዙት ኮከብ መሳይ ብሎኖች ግን አይነኩም። ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም አይድፈኑ፤ በማጣሪያ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ክዳኑ ቤት ውስጥ ተከፍቶ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች፣ ከላይ የነገርኩዎትን የናኖ ሜትር ክፍተት አስታውሱ፤ ለአንባቢው ራስ በመንገዱ ላይ እንደተጋረጠ ቋጥኝ ናት። «እከፍተዋለሁ» የሚል ባለሙያ አየሩ የሚጣራበት ክፍል ካላሳየዎት ዲስኩን ይዘው ይመለሱ።

ፍሪዘሩ ይቅር። ድሮ አንዳንድ ዲስኮች ቀዝቅዘው ለደቂቃዎች ስለተነሡ ወሬው እስከ ዛሬ ቆየ። ከፍሪዘር የወጣ ዕቃ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ያ ጤዛ ሳህኑ ላይ ካረፈ በኋላ አንባቢው ራስ የሚሄድበት ቦታ የለውም። በእጅ መታ መታ ማድረግም እንዲሁ። ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ላይ አረንጓዴውን ቦርድ ፈትቶ መግጠምም በእርስዎ ዘመን ዲስክ ላይ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቦርድ ለራሱ ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ ይዟልና።

ትናንት ማታ ስላደረጉት። ቼክ ዲስክ የተሠራው ለፋይል ማውጫ ስህተት ነው፤ ጤነኛ ዲስክ ላይ መብራት ሄዶ ማውጫው ሲዛባ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሳህኑ በታመመ ዲስክ ላይ ግን እያንዳንዱን መጥፎ ቦታ ደጋግሞ ያስነብበዋል፤ ያልገባውንም የማውጫ መዝገብ ቆርጦ ይጥላል። 12 ፐርሰንት ላይ መቆሙ ምናልባት ጠቅሞዎታል። ፎልደር ጠፍቶ ካገኙ አይደንግጡ፤ የተቆራረጡትን ፋይሎች ፋውንድ የሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ዳግመኛ ግን አያስጀምሩት። ኮምፒውተሩ በራሱ ሊጀምር ቢልም አያስጀምሩት።

አሁን ወደ መገልበጡ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲስኩን በሳታ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ፋይሎችን በእጅ መገልበጥ ነው። ይህን ከመረጡ ፎቶዎቹን አይጀምሩ፤ ብዙ ናቸው፣ ዲስኩን ያንከራትቱታል። መጀመሪያ የሠርጉ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ሒሳብ፣ ከዚያ ፎቶው በየዓመቱ እየተከፋፈለ። አንድ ፋይል ካስቸገረ ይዝለሉት። ዊንዶውስ «ስካን ላድርግ?» ወይም «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» ካለ መልሱ ሁለቱም ጊዜ እምቢታ ነው። የዚህ መንገድ ድክመት ዊንዶውስ መጥፎ ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው ተክሎ መቅረቱ ነው። ደህናው ገና ሳይነካ ዲስኩ በመጥፎው ላይ ያልቃል።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመክርዎ፣ ዲስኩን ሙሉውን እንዳለ መገልበጥ ነው። ለዚህ የተሠራው ዲዲ ሬስኪው የሚባል፣ በሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ የሚያገለግል ነፃ ሥርዓት) ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ላይ ጭኖ ላፕቶፑን ከዚያ ማስነሣትና ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ይበቃል፤ የላፕቶፑ ዊንዶውስ አይነካም። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ የሚያስቸግረውን እየዘለለ ያልፋል፤ ወደ መጥፎው የሚመለሰው ደህናው ካለቀ በኋላ ነው። የት እንደደረሰም በትንሽ የካርታ ፋይል ይመዘግባል። እናንተ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ፦ መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን ካርታው የሚቀመጠው በሚገለበጥበት አዲስ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። ከፍላሽ የተነሣ ኡቡንቱ ራሱ ላይ ከተቀመጠ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ ስህተት የተነሣ የሦስት ቀን ሥራ ከዜሮ ሲጀመር አይቻለሁ።

ትዕዛዙን መጻፍ የሚከብድዎ ከሆነ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ይኖራል። ለሚረዳዎት ሰው ሦስት ነገር ብቻ ያስጠንቅቁት፦ የሚገለበጥበትን ዲስክና የሚገለበጠውን እንዳያቀያይር ስማቸውንና መጠናቸውን ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ አሮጌው ዲስክ ላይ ምንም እንዳይጽፍ፤ የመጀመሪያው ዙር ድግግሞሽ የሌለበት ይሁን። ፋይል የማውጣቱና ማውጫ የመጠገኑ ሥራ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በኮፒው ላይ ይሠራል።

የሚገለበጥበት ዲስክ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ይሁን። ኮፒው 500ውን የሚያህል አንድ ትልቅ ፋይል ስለሚሆን ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ አይቀበለውም፤ እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይይዝም። በመንገድ ዳር የሚሸጥ «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ግን ቤትዎ አያስገቡ። ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይዞ ትልቅ ነኝ የሚል ብዙ አለ፤ ሲሞላ ስህተት ሳያወጣ የቀድሞውን ይደመስሳል። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥም ይታያል። በስማርት መዝገቡ ላይ 9 ቁጥር የበራበትን ሰዓት ይናገራል፤ አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት መሆኑን ይዘው ያስሉት። ይህ ቁጥር ግን ሊሰረዝ ስለሚችል የታሸገ ዕቃ ከደረሰኝ ጋር ከሚሰጥ ሱቅ ይግዙ።

ላፕቶፕ ባትሪ አለው ብለው መብራቱን አይርሱት። የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከመቀየሪያው አዳፕተር ነው፤ አዳፕተሩ ደግሞ ከግድግዳ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይቀራል፣ ዲስኩ ይጠፋል። አዳፕተሩን መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚተካ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት፤ ዲስክ ብቻውን የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ያ ዩፒኤስ ሙሉ ኮምፒውተር ከሚይዝበት ብዙ ይቆያል። ዲስኩ በጠፍጣፋ ደረቅ ነገር ላይ ይተኛ፤ ትንሽ ቬንትሌተር ከሩቅ ይንፋበት፤ እየዞረ ሳለ ማንም አያንሣው። ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ በአሮጌ ዩኤስቢ 2 መስመር 500 ጊጋባይት ለመገልበጥ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሽተኛው ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፍጥነቱ ወርዶ ቢያዩት ትዕግሥት ያድርጉ፤ አይንቀሉት።

የሚነቀለው ከሦስት ምልክቶች አንዱ ሲመጣ ብቻ ነው። ድምፁ ወደማያቋርጥ እኩል ምት ከተቀየረ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ ጭረት ከመጣ፣ ወይም ዲስኩ ሳይዞር ሲጥ ሲጥ ብቻ ካለ በዚያው ሰከንድ ኃይሉን ይቁረጡ። ከዚያ ወዲያ ሶፍትዌር አይሠራም። የቀረው አንባቢውን ራስ አየሩ በተጣራ ንጹሕ ክፍል መቀየር ነው፤ ዋጋው ከአሮጌው ኮምፒውተር በብዙ ይበልጣል፣ ውጤቱም ዋስትና የለውም። ያኔ ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። እስኪወስኑ ዲስኩ ሳይበራ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሳይበራ የሚቆይ ዲስክ አይብስበትም።

ምርመራው የሚመጣው ኮፒው ካለቀ በኋላ ነው፤ ለእርግጠኝነት ከፈለጉት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ይክፈቱ። 5 ቁጥር የተተኩትን ቦታዎች፣ 197 መነበብ አቅቷቸው ፍርዳቸውን የሚጠብቁትን፣ 198 ጭራሽ ያልተነበቡትን ይቆጥራሉ። ፕሮግራሙ ብዛቱን የሚያሳየው በ16 በተመሠረተ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ ተራው ቁጥር ይቀይሩት። ሦስቱም ዜሮ ሆነው 199 ብቻ ካደገ ጥፋቱ የኬብል ነው። የእርስዎ ላይ 5 እና 197 ከፍ ብለው እንደሚያገኟቸው እጠብቃለሁ። ዜሮ ሆነው ቢያገኟቸውም ውሳኔው አይቀየርም፤ ዲስኩ ወደ ሥራ አይመለስም።

ኮምፒውተሩ ራሱ ግን አይጣል። የ2004ቱ ዴስክቶፕ በሃርድ ዲስኩ ምትክ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ከተገጠመለት ለአባትዎ ሒሳብና ለጽሑፍ ሥራ ገና ያገለግላል፤ ፍጥነቱም ሲገዛ ከነበረው ይበልጣል። በዚያው እጅ ሲሞስ ባትሪውን ይቀይሩ፤ ፓወር ሰፕላዩንም በቴክኒሻን ያስለኩ። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የደኅንነት ጥገና ስለማያገኝ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኙት ከሆነ በሌላ ይተካ።

ቅዳሜ ድረስ ያለውን እንዲህ ይከፋፍሉት። ዛሬ ዲስኩን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ነገ ኤክስተርናሉንና መቀየሪያውን ይግዙ፤ ሊኑክስ የሚያውቀውን ሰው ለቅዳሜ ጠዋት ይቅጠሩት። ለጠጋኙ አይስጡት፤ «ለአንድ ደቂቃ ልየው» ቢልም አይስጡት። ከኮፒው ላይ የሚወጣውን ቪዲዮና ሒሳብ በዚያው ቀን ወደ ሁለተኛ ቦታ ያሻግሩ። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ መላክ ይችላሉ፤ ግን በፎቶነት ወይም በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት ይላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። በነፃው አገልግሎት አንዱ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ከበለጠ አይቀበልዎትም፤ ይከፋፍሉት። ሌላ ኮፒ ደግሞ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

አሮጌውን ዲስክ ኮፒው እስኪረጋገጥ አይጣሉት፣ ከዚያም በኋላ አይሽጡት፤ ፎቶዎቻችሁ ገና ውስጡ ናቸው። ኮፒውን ሲያረጋግጡ የፋይሉን ስም አይተው አይለፉ። መጥፎ ቦታ ላይ የነበረ ቪዲዮ ስሙም መጠኑም ትክክል ሆኖ መሐሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከአባትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሠርጉን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት፤ የሚቋረጥበት ቦታ ካለ ደቂቃውን ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ዲስኩ ገና ሳይጣል ያንን ቦታ ብቻ ለይቶ እንደገና መሞከር ይቻላል።